«ገንዘቤን ለማውጣት ሌላ ገንዘብ ልክፈል?»

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነው የምኖረው፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ልብስ እሸጣለሁ። የባሌ የእህት ልጅ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባን። የላኩልንን አፕ ጫንን፣ ዩኤስዲቲ የሚባለውን የዶላር ዋጋ ያለው ዲጂታል ገንዘብ (ክሪፕቶ) ገዝተን አስገባን። ማታ ማታ 3 ሰዓት ላይ ‹መምህሩ› ኮድ ይልካል። ኮዱን አፑ ላይ ስንለጥፍ በቀን 2 በመቶ ትርፍ ይጨመራል። መጀመሪያ 60,000 ብር አስገባሁ፣ 9,000 ብር አውጥቼ በእጄ ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ዕቁቤ ሲወጣልኝ 180,000 ጨመርኩ። አማቴንና ስድስት ጎረቤቶቼንም አስገባሁ። አሁን አፑ ላይ 4,316 ዩኤስዲቲ አለኝ፤ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን ማውጣት አይቻልም። ‹ሂሳባችሁን ለማረጋገጥ 10 በመቶ አዲስ ገንዘብ አስገቡ፣ 72 ሰዓት አላችሁ› ይላሉ። ልክፈል? ውሸት ከሆነስ መጀመሪያ እንዴት ከፈሉኝ?»

መልስ፦

እህቴ፣ አትክፈይ። ይህን ያስቀደምኩት 72 ሰዓት ስለሰጡሽ ነው። የቀረውን ረጋ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ እንደማይከፋሽ አውቃለሁ፤ ድሬ ነን፣ አንቱታ እዚህ ብዙም አይዘወተርም። ባንክ ውስጥ የዲጂታል ክፍያ ማጭበርበሮችን በመከታተል ዓመታት አሳልፌያለሁ። አሁንም እዚሁ ከተማ ነጋዴዎችን የማማክረው በዚሁ ጉዳይ ነው። የአንቺን ዓይነት ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ቁጥሩ ይለያያል እንጂ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሪ። ለዚያ «ደንበኛ አገልግሎት» ለሚባለው ሰው እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «432ቱን ካለኝ ሂሳብ ላይ ቆርጣችሁ ቀሪውን 3,884 ላኩልኝ።» ባንክ የአገልግሎት ክፍያ ሲፈልግ ከሂሳብሽ ይቆርጣል እንጂ ከቤትሽ ብር ይዘሽ እንድትመጪ አያዝሽም። እነዚህ ግን እምቢ ይሉሻል። «ሲስተሙ አይፈቅድም» ይሉሻል፣ «የውጭ አገር ሕግ ነው» ይሉሻል። ትክክለኛው ምክንያት የሚቆረጥ ገንዘብ አለመኖሩ ነው። 4,316 የሚለው ቁጥር ስልክሽ ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው። 432ቱ ግን ሄደሽ የምትገዢው እውነተኛ ገንዘብ ነው። አሁን የቀራቸው እሱን መውሰድ ነው።

ብትከፍዪስ? ይህንንም አይቼዋለሁ። አንድ ባለ ባጃጅ ደንበኛዬ ሦስት ጊዜ ከፍሏል። መጀመሪያ «ማረጋገጫ» አሉት። ቀጥሎ «ግብር» አሉት። በሦስተኛው «ሂሳብህ በሕገ ወጥ ገንዘብ ዝውውር ተጠርጥሯል፣ ማስያዣ አስገባ» ተባለ። ሦስተኛውን ለመክፈል የወንድሙን ገንዘብ ተበደረ። እኔ ጋ የመጣው ለአራተኛው ብድር ሲፈልግ ነው።

ይህ ድሬ ላይ የተፈጠረ ዘዴ አይደለም። ናይጄሪያ ውስጥ ሲቤክስ የሚባል መድረክ ነበር። ገንዘባችሁን በ30 ቀን እጥፍ አደርጋለሁ ብሎ ብዙ ሕዝብ ሰበሰበ። ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ላይ ማውጣት ቆመ። ከዚያ በሂሳቡ ላይ ከ1,000 ዶላር በታች የሚታየውን ሰው 100 ዶላር፣ ከዚያ በላይ የሚታየውን 200 ዶላር ለ«ማረጋገጫ» አስገባ አሉት። ብዙ ሰው የቀረችውን ከፈለ። የተናደዱ ሰዎች ኢባዳን ከተማ ያለውን ቢሮ ሰብረው ገቡ፣ ያገኙት ግን ወንበርና የቤት ዕቃ ነው። ለአንቺ የተላከው መልእክት ከዚያኛው ብዙም አይርቅም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። «መጀመሪያ እንዴት ከፈሉኝ?» ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። «አውጥቼ አይቻለሁ፣ በእጄ ቆጥሬያለሁ» ያለ ሰው ከዚያ በኋላ ምክር አይሰማም። ጎረቤቶችሽ የገቡትም አንቺ 9,000 ብሩን ስላሳየሻቸው ነው፣ አይደለም?

9,000ው የራስሽ ብር ነው። ከ60,000ሽ ላይ ቆንጥረው መለሱልሽ። 51,000 በእጃቸው ቀረ። በዚያች 9,000 አንቺን አሳመኑ፣ ዕቁብሽን ወሰዱ፣ ከኋላሽም ሰባት ሰው አስከተሉ። ለእነሱ ከዚህ የረከሰ ማስታወቂያ የለም።

ይህን በዓይኔ ያየሁበትን ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት አንዲት የቀፊራ ገበያ ቅመም ነጋዴ ከዚራ ሰፈር እቤቷ በረንዳ ላይ አስቀምጣኝ ስልኳን ሰጠችኝ። ምሽቱ ገና አልበረደም፣ ጣቷ ላይ የበርበሬው ቀለም አለ። የላከችበት አድራሻ በ«ቲ» ፊደል ይጀምራል። ይህ ዩኤስዲቲ ትሮን በሚባል የክሪፕቶ መላኪያ መረብ ላይ ሲላክ የሚያገለግል አድራሻ ነው። የዚህ መረብ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። ትሮንስካን የሚባል ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን ስትለጥፊ የገባውና የወጣው በሙሉ ከነሰዓቱ ይዘረዘራል። አድራሻውን ለጠፍኩ። የእሷ ገንዘብ ቀን 6 ሰዓት ከ42 ላይ ገብቷል። 6 ሰዓት ከ49 ላይ ወጥቷል።

ይህ ብቻውን ወንጀል አያሳይም። እውነተኛ መገበያያዎችም የደንበኞችን ገንዘብ ወደ አንድ ቋት ይሰበስባሉ። ስለዚህ ቋቱን ከፈትኩት። ከመቶ በላይ አድራሻዎች በዚያው ቀን ልከውበታል። ከዚያው ቋት ደግሞ ትንንሽ ክፍያዎች ወደ ሰዎች ይወጣሉ፤ 20፣ 35፣ 50 ዩኤስዲቲ። ግሩፑ ውስጥ «ትርፌን አወጣሁ፣ መምህራችን ተባረክ» እያሉ ፎቶ የሚለጥፉት እነዚህ ናቸው። የሚከፈላቸው በዚያው ቀን ሌላው ሰው ካስገባው ላይ ነው። ትልቁ ገንዘብ በየምሽቱ ተጠራርጎ ወደ ሌላ አድራሻ ይሄዳል። ሴትዮዋ ማታ 3 ሰዓት ላይ ኮዱን ለጥፋ «ትርፍ» ስታይ ገንዘቧ ከሄደ ስምንት ሰዓት አልፎታል።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ስልኩ ላይ ሲጨምር የነበረው ምንድነው?» አለችኝ።

የዱቤ መዝገብ ነው አልኳት። አንቺም ሱቅሽ ውስጥ ዱቤ ትጽፊ ይሆናል። መዝገቡ ላይ 5,000 ብለሽ ብትጽፊ 5,000 ይሆናል፣ 50,000 ብትዪም 50,000 ይሆናል። እስክሪብቶው በእጅሽ ነዋ። አፑም ያው ነው፣ እስክሪብቶውን የያዙት ግን እነሱ ናቸው። ኮዱ ምንም አይገዛም፣ ምንም አይሸጥም። በየማታው በሰዓቱ የሚያስለጥፉሽ ሥራ የሠራሽ እንዲመስልሽ ነው። ሰው ደግሞ ደክሞ ያገኘውን ገንዘብ አይጠራጠርም።

2 በመቶውንም እናስላው። በየቀኑ 2 በመቶ ትንሽ ይመስላል። 10,000 ብር ይዘሽ ትርፉን ሳታወጪ በየቀኑ 2 በመቶ ቢጨመርበት በአንድ ዓመት ከ13 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። በሁለት ዓመት ወደ 19 ቢሊዮን ብር ይጠጋል። ካልኩሌተር አውጪና ሞክሪው፤ 1.02ን በራሱ 365 ጊዜ ማባዛት ነው። እንዲህ ያለ ንግድ ዓለም ላይ የለም። በየቀኑ፣ ሳይጎድል፣ የታወቀ በመቶኛ ከተባልሽ ዌብሳይቱን ማየት፣ ፈቃዱን መጠየቅ፣ መምህሩ ማን ነው ማለት ሁሉ ትርፍ ድካም ነው። ሒሳቡ ብቻውን ጨርሶታል። ገበያ ይወጣል ይወርዳል፤ አንቺ ልብስ ስትሸጪ በዓል ሲቃረብና ክረምት ሲገባ ገቢሽ እኩል ነው እንዴ?

ዕቁብሽን ስላነሳሽ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች አገራችን ውስጥ የሚሠራላቸው በዕቁብ መንገድ ስለሚገቡ ነው። ዕቁብ ውስጥ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዋስ አለ። ዋሱ ሱቁ የት እንደሆነ ይታወቃል። ማንም ትርፍ አይልሽም። የምትወስጂው የጣላችሁትን ነው፣ ተራው ብቻ ነው የሚለያየው። እነሱ ከዕቁብ የወሰዱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መተማመኑን። የባልሽ የእህት ልጅ ለአንቺ ዋስ ሆነ፣ አንቺ ለአማትሽ ዋስ ሆንሽ። ሰንሰለቱን ወደ ላይ ብትከተዪው ግን ጫፉ ላይ ዋስ የለም። የቴሌግራም ስምና ከኢንተርኔት የተወሰደ ፎቶ ነው ያለው። «ማን አስገባህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ገንዘቡ ቢጠፋ የማንን ሱቅ በር አንኳኳለሁ?» ብለሽ ጠይቂ።

ትልልቆቹም በዚሁ ሰንሰለት ነው የሠሩት። ዋንኮይን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2014 በሩጃ ኢግናቶቫ ተጀምሮ ከመላው ዓለም 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሰብስቧል። ሳንቲሙ እንደ ትሮን ባለ እውነተኛ የክሪፕቶ መዝገብ (ብሎክቼይን) ላይ አልነበረም። ሴትዮዋ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ተሰወረች፣ ዛሬም ኤፍቢአይ ይፈልጋታል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሚረር ትሬዲንግ ኢንተርናሽናል የተባለው ደግሞ «ሮቦት ይነግድላችኋል» ብሎ ከ29,000 በላይ ቢትኮይን ሰበሰበ። የአንቺ «መምህር» በዚያ ሮቦት ቦታ የተቀመጠ ነው።

ሌሎቹን መልኮች ባጭሩ ልንካቸው። «ማይኒንግ» የሚባለው እዚህ አገር በተለይ ያሳምናል፣ ምክንያቱም እውነተኛ የቢትኮይን ማይኒንግ፣ ማለትም በኮምፒውተር አዲስ ቢትኮይን የማመንጨት ሥራ፣ አለ። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል መብራት እየገዙ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። እሱ ግን በኮንቴይነር የታጨቀ ጩኸታም ማሽን ነው፣ ከባድ ኃይል ይበላል። ስልክ ላይ ቁልፍ ነክተሽ፣ «ማሽን ተከራይተሽ» በቀን ይህን ያህል ታገኛለሽ የሚልሽ ሰው በእውነተኛው ማይኒንግ ስም እየነገደ ነው።

ሌላው በስህተት የተላከ የሚመስል መልእክት ነው። «ይቅርታ፣ ቁጥር ተሳስቼ ነው» ይላል፤ ከዚያ ወዳጅነት፣ ከዚያ ፍቅር፣ ከዚያ «አጎቴ ክሪፕቶ ያስተምራል»። ወራት ይታገሱሻል። ከዚህ ጀርባ ስላለው ነገር ስጽፍ ሁልጊዜ ልቤ ይከብዳል። በምያንማርና በካምቦዲያ ሰዎች በግዳጅ ተይዘው ይህን መልእክት የሚጽፉባቸው ግቢዎች አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ምያንማር ውስጥ ቢያንስ 120,000፣ ካምቦዲያ ውስጥ ወደ 100,000 ሰዎች እንዲህ ተይዘው ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። በ2017 ዓ.ም. የካቲት አካባቢ ከታይላንድ ድንበር አጠገብ ካሉት ግቢዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሲወጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ነበሩበት። የኮምፒውተር ሥራ አለ ተብለው የሄዱ የእኛው ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ «ታይላንድ ጥሩ ደሞዝ አለ» የሚል ደላላ ከመጣ ይህንንም አስታውሺ።

ክሪፕቶ ሁሉ ውሸት ነው ወይ ትዪኝ ይሆናል። አይደለም። ቢትኮይን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አለ። ዩኤስዲቲም ከዶላር ጋር የተያያዘ እውነተኛ ነገር ነው። የላክሽው እውነተኛ ነበር፣ የተቀበለሽ አፕ ነው ውሸቱ። ግን ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ ክሪፕቶ እንዲገበዩበት እንዳልፈቀደ፣ የአገሪቱ ገንዘብ ብር እንደሆነ ገልጿል። ስለዚህ ባንክ ላይ እንደምትከራከሪው ሄደሽ የምትከራከሪበት ጠረጴዛ የለም። ዩኤስዲቲ አንዴ ከተላከ ደግሞ እንደ ባንክ ዝውውር ወደ ኋላ የሚመልሰው ሰው የለም።

ገንዘቤ ይመለስልኛል ወይ ካልሽኝ፣ ላለማታለል ስል እውነቱን እነግርሻለሁ፤ ዕድሉ ጠባብ ነው። ዩኤስዲቲ የሚያወጣው ድርጅት የተወሰኑ አድራሻዎችን ማገድ ይችላል፣ ያን የሚያደርገው ግን ብዙውን ጊዜ የሕግ አካል ሲጠይቀው ነው። ለዚህም በጊዜ ማመልከት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ማስረጃሽን ሰብስቢ። ግሩፑን ጥለሽ አትውጪ፣ አትሳደቢም። አስተዳዳሪው አንድ ቁልፍ ነክቶ ሁሉንም ሊያጠፋው ይችላል። ውይይቱን፣ የ«መምህሩን» ገጽ፣ የ72 ሰዓቱን መልእክት፣ አፑ ላይ ያለውን ቁጥር ስክሪንሾት አድርጊ። ዩኤስዲቲውን ስትገዢ ብር የላክሽባቸውን ደረሰኞች ከባንክም ከቴሌብርም አውጪ። ዩኤስዲቲው የተላከበትን አድራሻና የዝውውሩን ረጅም መለያ ቁጥር ቅጂ። ያ መለያ ቁጥር ከሁሉም ይበልጣል። ብዙ ሰው እሱን ትቶ የሚያለቅስበትን የሂሳብ ቁጥር ፎቶ ይዞ ይመጣል።

ብር የተቀበለሽ ሰው ላይ ግን አትቸኩዪ። በፒቱፒ፣ ማለትም ሰው ለሰው በሚደረግ ግብይት፣ ዩኤስዲቲ የሸጠልሽ ሰው ከአጭበርባሪዎቹ ጋር ላይገናኝ ይችላል። በተቃራኒው 9,000 ብር የላከልሽ ሰው ማን እንደሆነ አታውቂም። ያ ብር ከሌላ የተበላ ሰው የመጣ ከሆነ የአንቺም ሂሳብ ሊጠየቅበት ይችላል። ይህን ለፖሊስ ራስሽ ቀድመሽ ብትናገሪ ይሻላል። አታላይነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ያስቀጣል፣ በኮምፒውተር የተፈጸመ ማታለልም በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ውስጥ አለ። ስምንታችሁም አብራችሁ ብታመለክቱ ጥሩ ነው። «ሞኝ ትባላላችሁ» ብሎ የሚያሸማቅቅ ካለ አትስሙት። ባንክ ውስጥ ስሠራ የባንክ ሠራተኛ ተበልቶ አይቻለሁ።

ማስረጃውን ከያዝሽ በኋላ አፑን ከስልክሽ አጥፊው። በሊንክ የተላከ ፋይል ከሆነ ከፕሌይ ስቶር ያልወረደ ነው፣ መልእክትሽን የማንበብ ፈቃድ ወስዶ ሊሆን ይችላል። የባንክና የቴሌብር የሚስጥር ቁጥርሽን በሌላ ስልክ ቀይሪ። የመታወቂያሽንና የፊትሽን ፎቶ ሰጥተሽ ከሆነ ያንንም ለፖሊስ ተናገሪ፣ በስምሽ ሌላ ሰው ሊያታልሉ ይችላሉ።

ከዚያ አንድ ሌላ ሰው ይመጣል። በሳምንት ወይም በወር ውስጥ «የተዘረፈ ክሪፕቶ እናስመልሳለን» የሚል። ጠበቃ ነኝ ይላል፣ ሃከር ነኝ ይላል፣ ያስገባሽውን ቁጥር ሳይቀር ያውቃል። ቁጥሩን የሚያውቀው ዝርዝሩ ከእነዚያው ስለተሸጠለት ወይም እሱ ራሱ እነሱ ስለሆነ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከጠየቀ ዝጊበት።

የከበደሽ ግን ጎረቤቶችሽ እንደሆኑ ከጥያቄሽ ይታየኛል። ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ነገ ሳይሆን ዛሬ፣ ምክንያቱም እነሱም ያው 72 ሰዓት ተሰጥቷቸዋል። ምናልባት አሁን አማትሽ ወርቋን ልታስይዝ እያሰበች ይሆናል። በስልክ ሳይሆን ሄደሽ ንገሪያት። ቡና አፍልታችሁ የሰውም የራስሽም ፊት እያየሽ «ተበላን፣ እኔ አስገባኋችሁ፣ አሁን ምንም እንዳትጨምሩ» በያቸው። እነሱን በማስገባትሽ «ኮሚሽን» ተብሎ ተሰጥቶሽ በእጅሽ የገባ ብር ካለ መልሺላቸው። ሕግ ስላስገደደሽ አይደለም፤ ነገም በአንድ ግቢ ነው የምትኖሩት።

የባልሽ የእህት ልጅም ቢሆን መሪ ሆኖ ኮሚሽን ሲያገኝ ከነበረ ይጠየቃል፣ ግን ሌባ ብሎ ከመጀመር በፊት ማን እንዳስገባው፣ በየትኛው አድራሻ እንደላከ ያሳያችሁ። ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ የጠፋበት እሱ ሆኖ ይገኛል። ፈርቶ ስልኩን ካጠፋ ማስረጃችሁም አብሮ ይጠፋል።

ለዕቁብ ዳኛችሁም አስቀድመሽ ንገሪ። ወስደሻልና መጣልሽ ይቀጥላል። አንድ ሳምንት ከጎደለብሽ በኋላ ከሚሰሙት ሳይጎድልብሽ ቢያውቁት ይረዱሻል። የድሬ ዕቁብተኛ ለቀደመ ሰው ተራ ማሸጋሸግ ያውቃል።

ዩኤስዲቲውን የላክሽበትን፣ በ«ቲ» የሚጀምረውን አድራሻ፣ ከነመለያ ቁጥሩ ላኪልኝ። ገንዘቡ የት ድረስ እንደሄደ አይቼ ለፖሊስ በሚገባ መልክ እጽፍልሻለሁ፣ ክፍያ የለውም። ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ስትከፍቺ የተሰጡሽን 12 የሚስጥር ቃላት ግን ለማንም አትላኪ፤ ለእኔም ቢሆን።